ከሐዋሳ ሚላን የሚሻገረው አቡጀዲ

ሰሞኑን ሐዋሳ ነኝ። ሚላን ፋሽን ዲዛይን መማር ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሞላኝ። ለክረምት እረፍት ቤተሰብ ጋ መጥቼ መመለሻዬ ሲቃረብ መጀመሪያ የምገዛው በርበሬም ሽሮም አይደለም። አቡጀዲ ነው። ዘንድሮ 12 ሜትር ገዛሁ።

ዲዛይን ለመማር ወደ ውጭ የሚሄዱ ልጆች «ምን ይዤ ልሂድ?» ብለው ይጠይቁኛል። ጥሩ መቀስ እንድላቸው የሚጠብቁ አሉ። የሐበሻ ልብስ የሚጠብቁም አሉ። አቡጀዲ ስላቸው ዝም ይላሉ። ስለዚህ ቆርጬ፣ ሰፍቼ፣ ተርትሬ የማውቀውን ጨርቅ ከነጥሩው ከነጉድለቱ ልንገራችሁ።

ጨርቁ ያው ሁላችንም የምናውቀው ነው። ያልነጣ፣ ቀለም ያልነካው ተራ ጥጥ። መልኩ ወደ ክሬም ያደላል። ቀረብ ብላችሁ ካያችሁት እዚህም እዚያም ቡናማ ነጠብጣብ አለበት፤ የጥጥ ፍሬ ስብርባሪ ነው። አዲሱ ስታርች ስላለበት ደረቅ ይላል፣ ስታጥፉት እንደ ወረቀት ይንኮሻኮሻል። እናቶቻችን ጥልፍ የሚጠልፉበት፣ ትራስ የሚያለብሱበት ጨርቅ ነው። ሟች የሚገነዝበትም እሱ ነው። ወደዚህኛው በኋላ እመለሳለሁ።

የገዛሁት ገበያ ውስጥ፣ ብትን ጨርቅ ተራ ነው። ሱቁ ስም አልተጻፈበትም። ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በር ላይ ይቆማል። ጣቃው እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። ከላይ የሚያብረቀርቀው የሠርግ ጨርቅ፣ መሐል ላይ የዩኒፎርም፣ አቡጀዲው ደግሞ ከታች፣ አቧራ እንዳይነካው በላስቲክ ተሸፍኖ። ባለቤቱን ጋሼ ነው የምላቸው። እናቴ የትራስ ጨርቅ ከሳቸው ስትገዛ ቀሚሷን ይዤ ቆሜ ነው ያደግኩት።

«ስንት ልቁረጥልሽ?» አሉኝ።

«12 ሜትር፣ ጋሼ።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ማንን አጣችሁ፣ የኔ ልጅ?»

«ኧረ ሁላችንም ደህና ነን። ለትምህርት ነው።»

«ተመስገን» አሉና ጣቃውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት።

ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነገር ነው ሁሌ ወደዚህ ሱቅ የሚመልሰኝ። ለክተው ሲጨርሱ ጠርዙ ላይ ሁለት ጣት የምታህል ብቻ በመቀስ ቆረጡ። መቀሱን አስቀመጡ። ጨርቁን በሁለት እጃቸው ግራና ቀኝ ያዙና ቀደዱት። ትርርር! ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ በአንድ ትንፋሽ። ብናኙ በበሩ በሚገባው ፀሐይ ላይ ሲነሳ ይታያል።

ይህ ለኔ ትልቅ ነገር ነው። የተቀደደ ጨርቅ ማጉን፣ በወርድ የሚሄደውን ክር፣ ተከትሎ ነው የሚሄደው፤ በመቀስ የተቆረጠ ግን ቀጥ ያለ እየመሰለ ሰያፍ ሊሄድ ይችላል። የተቀደደውን ጫፍ ከጎኑ ጠርዝ ጋር ስታገጥሙት 90 ዲግሪ ካልሞላ ጨርቁ ተጣሟል ማለት ነው። ያኔ ሁለቱን ተቃራኒ ማዕዘኖች ይዛችሁ በሰያፍ ሳብ ሳብ አድርጋችሁ ድርና ማጉን ወደ ቦታቸው ትመልሳላችሁ። ይህን ሳታደርጉ ሱሪ ብትቆርጡ ሲለበስ ስፌቱ ከጎን ተነስቶ ወደ ጉልበት ፊት ይዞራል። የመጀመሪያ ዓመት መምህሬ ይህንን ለማስረዳት አንድ ሙሉ ጠዋት ፈጅታለች። ጋሼ አንድም ቃል ሳይናገሩ በሦስት ሴኮንድ አሳዩኝ።

ሥራችንን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። አንድን ልብስ በእውነተኛው ጨርቅ ከመስፋታችን በፊት በርካሽ ጨርቅ ሰፍተን እንሞክረዋለን። ወረቀት ላይ የተሳለው ፓተርን፣ የመቁረጫው ንድፍ፣ ሰውነት ላይ ሲወጣ ምን እንደሚሆን የሚታወቀው ያኔ ነው። ትከሻው ይጠባል፣ ደረቱ ይነፋል፣ ብብቱ ይይዛል። ማኒኪን ላይ አልብሰን በስፒል እየያዝን፣ እየቀደድን፣ ቁራጭ እየጨመርን እናስተካክላለን። ከዚያ ልብሱን ተርትረን፣ በካውያ ዘርግተን፣ ያስተካከልነውን ወደ ወረቀቱ እንመልሳለን። ጣሊያኖቹ ይህን የሙከራ ልብስ «ቴላ» ይሉታል። መጀመሪያ ቀን ስሰማው የእናቴ ጠላ ነበር ፊቴ ድቅን ያለው። ናፍቆት እንደዚያ ነው፤ ጆሮ የሚፈልገውን ይሰማል።

አንድ ጃኬት ሦስት ጊዜ ይሞከራል። አንዳንዴ አራት። በአንድ ሴሚስተር አምስት ስድስት ልብስ እንሠራለን። ሚላን እኔ ከምገዛበት ሱቅ ለዚህ የሚሆነው ጨርቅ አንዱ ሜትር 4 ዩሮ ተኩል ነው። በዚያ ገንዘብ እዚህ ሦስት ሜትር ገዝቼ ለባጃጅ ይተርፈኛል። ለአንድ ወር አስቤዛ 150 ዩሮ ለሚመድብ ተማሪ ልዩነቱ ምን ማለት እንደሆነ መገመት ይቻላል።

ግን ነገሩ የገንዘብ ብቻ አይደለም።

ከመሄዴ በፊት እዚህ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ስምንት ወር ሠርቻለሁ። ኮሌታ ነበር የምሰፋው። ከጠዋት እስከ ማታ ኮሌታ። እዚያ እጄ ፈጥኗል፣ ስፌቴ ቀጥ ብሏል፤ ለዚህ አመሰግናለሁ። ጨርቅ ቆርጬ ግን አላውቅም ነበር። ፋብሪካ ውስጥ ቆራጩ ሌላ ክፍል ነው፤ ጨርቁ በብዙ ድርብ ተነባብሮ በማሽን ይቆረጣል፣ እኛ ጋ የሚደርሰው ተቆርጦ ያለቀው ነው። እና ሚላን ሄጄ መቀስ ሲሰጠኝ ፈራሁ። ያ በዩሮ የተገዛ ጨርቅ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ፣ ሌሎቹ ልጆች ሳይጨነቁ ሲቆርጡ፣ እኔ አሥር ሳንቲሜትር ለማትረፍ ፓተርኑን ግማሽ ሰዓት አገላብጣለሁ። የአንድ ጎን ብቻ እቆርጣለሁ። አንዴ ሞክሬ «ይበቃል» እላለሁ። ልብሶቼ ሁሉ የተሸማቀቁ ነበሩ። መምህሬ የሠራሁትን ቀሚስ አይታ «ማንን ፈርተሽ ነው?» አለችኝ። መልስ አልሰጠኋትም። የፈራሁት የቤት ኪራዩን ነበር።

በመጀመሪያው ክረምት ስመለስ ከጋሼ 10 ሜትር ይዤ ሄድኩ። ዋጋውን የማውቀው ጨርቅ ነው። በልጅነቴ የአሻንጉሊት ቀሚስ የቆረጥኩበት ጨርቅ ነው። ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ መቀሱን ሳስገባ እጄ አልተንቀጠቀጠም። ያን ሴሚስተር አንድ እጅጌ ብቻ አምስት ጊዜ ሞከርኩ። አምስተኛው ላይ ክንዴን ወደ ላይ ሳነሳ የጃኬቱ ወገብ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ወርክሾፑ ውስጥ ብቻዬን ቆሜ ክንዴን ከፍ ዝቅ ሳደርግ ቆየሁ።

አሁን ወደ ጉድለቱ ልምጣ። ይህን ጨርቅ ሳታጥቡ እንዳትጠቀሙበት። ይህንን የምላችሁ ደርሶብኝ ነው።

ባለፈው ዓመት ለፈተና የሱፍ ጃኬት ነበረኝ። አቡጀዲውን አላጠብኩትም፣ ጊዜ አልነበረኝም። ቆረጥኩ፣ ሰፋሁ፣ ማኒኪኑ ላይ አስተካከልኩ፣ ልክክ አለ። ከዚያ ተርትሬ ወደ ወረቀት ለመገልበጥ በእንፋሎት ካውያ አስተኛሁት። እንፋሎቱ እጅጌውን ሰበሰበው። አላየሁም። በሰበሰበው ልክ ሱፉን ቆረጥኩ። የፈተናው ቀን ሞዴሏ ስትለብሰው እጅጌው ከእጅ አንጓዋ በላይ ሦስት ሳንቲሜትር ቀረ። የሚረዝም ትርፍ የለውም። ያን ሱፍ ለመግዛት ሁለት ወር ነው ያጠራቀምኩት። ፈተናውን አለፍኩ፣ ግን ያንን ባዶ የእጅ አንጓ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ጨርቅ ስገዛ እለካለሁ። የዘንድሮውንም ለካሁ። 50 በ50 ሳንቲሜትር ካሬ ቆርጬ፣ በሙቅ ውኃ አጥቤ፣ አድርቄ፣ ተኮስኩት። በድሩ በኩል 47 ተኩል ሆነ። በማጉ በኩል 49። ማለትም በቁመት ከመቶ 5፣ በወርድ ከመቶ 2 ይሰበሰባል። አንድ ሜትር የሚረዝም ቀሚስ ላይ 5 ሳንቲሜትር ነው፤ ጉልበት የሚሸፍንና የማይሸፍን ልዩነት ነው። ሲታጠብ ስታርቹም ይለቃል፣ ውኃው የሩዝ ቅቅል ይመስላል። ከዚያ በኋላ ጨርቁ ይለዝባል። ወርዱ 150 ነው ተብዬ የገዛሁት 147 ነው የወጣው። ይህ ያን ያህል አያጣላም፤ ፓተርን ስትደለድሉ ግን አስቡት።

ለጃኬት፣ ለሸሚዝ፣ ለሱሪ ከአሥር ዘጠኝ እሰጠዋለሁ። እጥፋት ይይዛል፣ በካውያ ይታዘዛል፣ እርሳስ በደንብ ይታይበታል። መርፌ ቁጥር 80 ይበቃዋል። ለኮት ሙከራ ሁለት ድርብ አድርጌ እሰፋዋለሁ፣ ክብደቱ ያኔ ይቀርባል። ለሚፈስ ቀሚስ ግን ከአሥር ሦስት። ሐር ወይም ሳቲን በሰያፍ ተቆርጦ ሰውነት ላይ የሚወርደውን መውረድ አቡጀዲ አይወርድም፤ ደረቅ ብሎ ይቆማል፣ ያታልላችኋል። ለሹራብና ለሚለጠጥ ጨርቅማ ጭራሽ አይሆንም። እዚያ ከፋብሪካ የተረፈ ቁራጭ ጨርቅ «ስካምፖሊ» እየተባለ በርካሽ ይሸጣል፤ ለቀሚስ እሱን እፈልጋለሁ። ችግሩ ዛሬ ያገኛችሁትን ነገ አታገኙትም። የመጀመሪያው ሙከራና ሦስተኛው ሙከራ በሁለት ዓይነት ጨርቅ ከሆነ ደግሞ የተለወጠው ፓተርኑ ይሁን ጨርቁ አታውቁም።

አንድ ጊዜ ደግሞ ከብርድ ልብስ መሸጫ ርካሽ አንሶላ ገዝቼ ሞክሬያለሁ። ግማሹ ፖሊስተር ነው። ተኩሳችሁ ዞር ስትሉ እጥፋቱ ይነሳል። ገንዘባችሁን አታባክኑ።

ሲሰፋ የስፌቱን ርዝመት 4 ሚሊሜትር ላይ አድርጉት፤ ለመተርተር ይቀላል። ጠርዙን እንዳይተረተር ብላችሁ አትስፉት፣ ኦቨርሎክ አያስፈልግም። የደረቱን መሐል መስመርና የድሩን አቅጣጫ በእርሳስ አስምሩ። ከዚያ እላዩ ላይ ጻፉ። የኔዎቹ ሁሉ ተጽፎባቸዋል፤ «እዚህ 1.5 ይጨመር»፣ «ትከሻ ወደ ኋላ»፣ «ይሄን አትንኪው»። መጀመሪያ በጣሊያንኛ ነበር የምጽፈው፤ ሌሊት ሲደክመኝ ግን በአማርኛ ነው የሚመጣልኝ።

ሌሊት ያልኩት ወርክሾፑ ማታ ስለሚዘጋ ነው። ቤት የምቆርጠው የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ 120 በ80። ከሁለት ልጆች ጋር ነው የምኖረው፤ አንዷ ከሲሲሊ፣ አንዷ ከፔሩ። እራት ተበልቶ፣ ጠረጴዛው ተወልውሎ፣ ዘይት እንዳይቀርበት በደረቅ ጨርቅ ደግሜ አብሼ ነው የምዘረጋው። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ የስፌት መኪናዬን አላስነሳም፣ ከታች ያሉ ጎረቤቶች ሽማግሌ ናቸው። ከዚያ በኋላ ያለው በእጅ ነው። በታኅሣሥ ከቀኑ 11 ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። ያ ሰዓት ይከብዳል፤ ሐዋሳ ላይ ሰው ገና ወደ ሐይቁ ዳር የሚወጣበት ሰዓት ነው። ጠዋት የሰፋሁትን ጠቅልዬ ብብቴ ሥር ይዤ ትራም እሳፈራለሁ። እንዳይጨማደድ ቆሜ ነው የምሄደው።

ያለቀለት ሙከራም አይጣልም። ስፒል መሰኪያ ሠርቼበታለሁ። የሱፍ ጨርቅ ስተኩስ ከላይ የማለብሰው እሱን ነው። እሁድ ፖርታ ቬኔዚያ እወርዳለሁ፣ የኛና የኤርትራ ሰዎች ሱቅና ምግብ ቤት ከቆየ ጊዜ ጀምሮ ያለበት ሰፈር ነው። እንጀራ ገዝቼ ስመለስ የምጠቀልለው በአንድ የድሮ ጃኬት ጀርባ ነው። ላስቲክ ውስጥ ያላበዋል፤ አቡጀዲ ግን ይተነፍሳል። ጀርባው ላይ «ትከሻ ወደ ኋላ» ይላል።

የሻንጣውን ነገር ልንገራችሁ። 12 ሜትሩ ታጥቦ ደርቆ 2 ኪሎ ከ600 መዘነ። ከአዲስ አበባ ሚላን ሁለት ሻንጣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ይፈቀድልኛል። ቅቤና ቋንጣ አውሮፓ ማስገባት ስለማይቻል እናቴ ያንን ክብደት በርበሬ፣ ሽሮና ቆሎ እየጨመረች ነው የምትሞላው። ለሷ ይህ ጨርቅ የሁለት ኪሎ በርበሬ ቦታ ወሰደ። ግን የከፋት እሱ አይደለም።

«ለመንገደኛ አቡጀዲ አይታሸግም» አለችኝ፣ ገና በመጀመሪያው ዓመት። ድምጿ ሌላ ነበር። «ሰው በአገሩ ሲሞት የሚጠቀለልበትን ጨርቅ ይዘሽ ባሕር ልትሻገሪ?»

ጨርቁ ራሱ ባሕር ተሻግሮ ነው የመጣው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአሜሪካ ፋብሪካዎች እየተጫነ በቀይ ባሕር ወደቦች ይገባ ነበር፤ የስዋሂሊ ተናጋሪዎች እስከ ዛሬ «መሪካኒ» ነው የሚሉት። ይህን ነገርኳት። አልሰማችኝም። እውነቷን ነው፤ አባቴን ስንሸኝ የነበርኩ ነኝ፣ የምትለውን አውቃለሁ።

ዘንድሮ ደግሞ ጨርቁን አጥቤ ግቢ ውስጥ ሽቦው ላይ ዘረጋሁት። 12 ሜትር ነው፣ ከግንቡ እስከ ጓዳው በር ሄዶ ተመለሰ። ጎረቤታችን በበሩ ስታልፍ አየችው። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባች። እናቴን አቅፋ «ምነው ሳትነግሪኝ?» ብላ ማልቀስ ጀመረች። እናቴ እስክታስረዳት ድረስ እሷም አብራ አለቀሰች። ቡና ተፈላ። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ይቅርታ ስጠይቅ ቆየሁ።

ማታ እናቴ መነጽሯን አድርጋ፣ የጥልፍ መርፌዋን አውጥታ፣ ጨርቁ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። በየዓመቱ የምታደርገው ነው። ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ በጠርዙ በኩል ቀይ ክር ታስገባበታለች። ቀይ ክር ካለበት ከፈን አይደለም፣ ልብስ ነው ትላለች። 12 ሜትር በእጅ፣ በአንድ ማታ አያልቅም።

ያቺ ቀይ ክር ለኔ ሌላ ሥራ አላት። ጨርቁ ተቆራርጦ ቁራጭ ሲሆን የትኛው ድር የትኛው ማግ እንደሆነ ይጠፋል። የኔ አይጠፋም። ቀይዋን አያለሁ፣ ፓተርኑን በሷ ትይዩ አስቀምጣለሁ። ክፍል ውስጥ ያሉት ልጆች ምን ዓይነት ጨርቅ ነው፣ ምልክቱ ከፋብሪካ ነው ወይ ብለው ይጠይቁኛል። እናቴ ናት እላቸዋለሁ።

ለማጠብ የቀረኝ አራት ሜትር ነው፤ ትናንት ተጨማሪ ገዛሁ፣ ለፔሩዋ ልጅ። ጋሼ በዚህኛው ምንም አልጠየቁኝም፣ ቀደው ሰጡኝ። ሽቦው ላይ አላሰጣውም። ክረምትም ስለሆነ ዝናቡ አያስተማምንም፤ ሳሎን ውስጥ በወንበሮቹ ላይ ዘርግቼ አደርቀዋለሁ።